ለስልክ አፕዴት ይከፈላል እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ስልክ አፕዴት ናቸው፤ ዞረው ዞረው ግን ገንዘብ ላይ ነው የሚያርፉት። የተደጋገሙትን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሳምሰንግ ስልኬን ስክሪን ላስቀይር ወስጄ ሠሪው «ሴኩሪቲው አልፎበታል፣ ሶፍትዌር ካልተጫነበት ትጠለፋለህ» ብሎ ተጨማሪ 1,200 ብር ጠየቀኝ። መክፈል አለብኝ? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ራስዎ ሳያዩ አይክፈሉ። ማሻሻያውን አምራቹ ለስልኩ ባለቤት በነፃ ነው የሚልከው። ስልክ ቤቱ የሚያስከፍለው ለጉልበቱ፣ ለኮምፒውተሩና ለኢንተርኔቱ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚያስፈልጉት ስልኩ በራሱ መንገድ አልጭን ሲል ብቻ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ገብተው እስከ ታች ይውረዱ፤ «አባውት ፎን»ን፣ ከዚያ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን»ን ይንኩ። ሳምሰንግ ባልሆኑ ብዙ ስልኮች ላይ «አንድሮይድ ቨርዥን» የሚለውን መንካት ይበቃል። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ ሴቲንጉን «ቅንብሮች»፣ አፕዴቱን «ዝማኔ» ይለዋል። ቁም ነገሩ ከሴኩሪቲ ፓቹ (ጠላፊ የሚገባበትን የሶፍትዌር ቀዳዳ ከሚደፍነው ማሻሻያ) ሥር የተጻፈው ቀን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እስከዚያ ቀን ጉግል ይፋ ያደረጋቸው የአንድሮይድ ቀዳዳዎች ስልክዎ ላይ ተደፍነዋል ማለት ነው። ጉግል ይህን ዝርዝር በየወሩ ማውጣት የጀመረው በኦገስት 2015 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ስቴጅፍራይት የተባለው ቀዳዳ ተጋልጦ ነበር፤ በአንድ የቪዲዮ መልእክት ብቻ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ፣ ስልክ ውስጥ መግባት ያስችል ነበር።

ቀኑ ወር በገባ በ1 ወይም በ5 ያልቃል። 1 ከሆነ የተደፈኑት የአንድሮይድ የራሱ ክፍሎች ናቸው። 5 ከሆነ እነዚያን ጨምሮ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እና የቺፕ አምራቾቹ፣ የኳልኮምና የሚዲያቴክ ዓይነቶቹ፣ ክፍሎችም ተደፍነዋል። ቀኑ ሁለት ሦስት ወር ወደ ኋላ ቢቀር አይደንግጡ፤ ሳምሰንግ ራሱ ውድ ሞዴሎቹን በየወሩ፣ ሌሎቹን በየሩብ ዓመቱ፣ ያረጁትን በዓመት ሁለቴ ነው የሚያዳርሰው። በጁላይ 2025 ደግሞ ጉግል ራሱ አንድም ማሻሻያ ያልያዘ ዝርዝር አውጥቷል።

አሁን «ሶፍትዌር አፕዴት» ውስጥ ገብተው «ዳውንሎድ ኤንድ ኢንስቶል»ን ይንኩ። የሚመጣ ነገር ካለ በነፃ ይጫናል፣ የሠሪውም 1,200 ብር እዚያው ይቀራል። «ስልክዎ የመጨረሻው ላይ ነው» ካለ፣ ቀኑ ግን ከዓመት በላይ ያለፈበት ከሆነ፣ አምራቹ ያንን ሞዴል ትቶታል። ያን ጊዜ ሠሪውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ አምራቹ ያላወጣውን ፋይል አንተ ከየት ታመጣዋለህ?

ስልኩ ሎጎው ላይ ቆሞ ቀርቶ ወይም አፕዴቱ በተደጋጋሚ እየተቋረጠ ከሆነ ግን በኮምፒውተር ፍላሽ ማስደረግ (ሲስተሙን እንደገና ማስጫን) ተገቢ ነው፤ ለዚያ መክፈልም ያባት ነው። ሳምሰንግ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ኦዲን በሚባል ፕሮግራም ሲሆን አራት ዋና ሣጥኖች አሉት፦ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ እና ሲኤስሲ። አራተኛው ላይ ዓይንዎ ይሁን። ሠሪው ተራውን ሲኤስሲ ካስገባ ፎቶውም ኮንታክቱም ይጠፋል፤ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለውን ካስገባ ዳታዎ ባለበት ይቆያል። እንዲያም ሆኖ አስቀድመው ባክአፕ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ እዚያው «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ያለውን የቢልድ ቁጥር ከመጨረሻው ወደ ፊት ቆጥረው አምስተኛው ላይ ያለውን ምልክት ይዩ። ሊጫን የመጣው ፋይል ላይ ያለው ከዚያ ካነሰ ስልኩ አይቀበለውም፤ ወደ ድሮው ቀዳዳ እንዳይመለስ አምራቹ የዘጋው በር ነው። ሦስተኛ፣ «ሩት ላድርግልህ» (የአምራቹን ጥበቃ አልፌ ሲስተሙን ልክፈትልህ) ከተባሉ ስልክዎን ተቀብለው ይውጡ። ሳምሰንግ ላይ ይህን ሲያደርጉ ኖክስ የሚባለው ፊውዝ ይቃጠላል፤ ተመልሶ አይጠገንም፣ ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው የተቆለፈ ማስቀመጫም ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አፕዴቱ ነፃ ነው ትላላችሁ፤ ዳታዬን በልቶ ሲጨርስ ግን ነፃነቱ አልታየኝም። እንዴት ላድርግ? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ እውነትዎን ነው፤ እኛ አገር የአፕዴት ዋጋ የዳታ ዋጋ ነው። ግን አፕዴት ሁሉ እኩል አይደለም። ቀዳዳ የሚደፍነው የአንድሮይድ ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ቨርዥን የሚቀይረው፣ ማለትም ከ14 ወደ 15 የሚወስደው ዓይነት፣ ከአንድ ጊጋባይት ተነሥቶ እስከ ሦስትና አራት ይደርሳል፤ አይፎን ላይ ከዚያም ይበልጣል። አቅም ካነሰ የመጀመሪያውን ያስቀድሙ። ስልኩ መጠኑን ከማውረዱ በፊት ያሳያል፤ ሳያነቡ አይንኩ።

በራሱ ዳታ ላይ እንዳያወርድ «አውቶ ዳውንሎድ ኦቨር ዋይፋይ» የሚለው ላይ ያስቀምጡት። ዋይፋይ ከሌለ የሌሊት ጥቅል ገዝተው በሌላ ስልክ ሆትስፖት ይልቀቁለት፤ የሚታደሰው ስልክ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል። መስመሩ ቢቋረጥ አብዛኛው ስልክ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ሞዴል አይፎን የያዙ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ አንድ ጊዜ ብቻ ማውረድ ይቻላል። የሞዴሉን የአይኦኤስ ፋይል በኮምፒውተር ያውርዱ፤ ስልኩን በኬብል ያገናኙ፤ ማክ ላይ ኦፕሽን፣ ዊንዶውስ ላይ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው «ቼክ ፎር አፕዴት»ን ሲነኩ ፋይሉን እንዲመርጡ ይጠይቅዎታል። ጎን ለጎን «ሪስቶር» የሚል አለ፤ እሱን ከነኩ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሙልጭ ብሎ ይጠፋል።

ስለ ማከማቻ ቦታ፦ የፋይሉን መጠን ሁለት እጥፍ ነፃ ያድርጉ፤ ታሽጎ የመጣው ሲፈታ ቦታ ይፈልጋልና። «አልተሳካም» የሚለው መልእክት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ባትሪው ከ50 በመቶ በላይ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ስልኩ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ችግር የለውም። ስልክ ቤት በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲያስጭኑ ነው መብራት የሚያስፈራው፤ ግማሽ ላይ ከተቋረጠ ስልኩ ላይነሣ ይችላል። ላፕቶፕ ያለው ሠሪ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «የስልክዎ ሴኩሪቲ ጊዜው አልፏል፣ 99 ብር ከፍለው ያድሱ» የሚል ከነፋይሉ ደረሰኝ። — ከአዳማ

መልስ፦ ያጥፉት። የስልክ ሲስተም ማሻሻያ በቴሌግራም፣ በኤስኤምኤስ ወይም በሊንክ አይላክም፤ ከሴቲንግ ውስጥ ብቻ ነው የሚመጣው። የተላከልዎ ኤፒኬ ፋይል ነው፤ ኤፒኬ አንድ መተግበሪያ ነው እንጂ ሲስተም አያድስም። ከጫኑት ቀጥሎ የሚጠይቅዎ «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ ነው፤ እሱን የያዘ መተግበሪያ ስክሪንዎ ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ በእርስዎ ፈንታ ይነካል፤ የባንክ ሚስጥር ቁጥርም ቢሆን። ጭነውት ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይዝጉ፤ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ገብተው የማያውቁትን ስም ይዝጉ፤ ከዚያ መተግበሪያውን ያራግፉ። አልራገፍ ካለ ስልኩን በሴፍ ሞድ (እርስዎ የጫኗቸው መተግበሪያዎች በማይሠሩበት ሁኔታ) አስነሥተው ይሞክሩ። የባንክ ሚስጥር ቁጥርዎን የሚቀይሩት ግን ከሌላ ስልክ ነው፤ ከዚሁ ስልክ ከቀየሩት አዲሱንም አሳልፈው እየሰጡ ነው።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ስልክ ልልክላቸው ነው፤ ያገለገለ ጥሩ ስልክ ወይስ አዲስ ርካሽ? አፕዴቱ እንዳይቋረጥባቸው እፈልጋለሁ። — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ዋጋውን ሳይሆን ማሻሻያው የሚያበቃበትን ዓመት ያወዳድሩ። የደህንነት ማሻሻያ የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው፦ ስልኩን በገዙበት ቀን። ከዚያ በኋላ መግዛት አይቻልም።

ቆጠራው የሚጀምረው ስልኩ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ የ7 ዓመት ቃል ገብቷል፤ ፒክስል 8 የወጣው በኦክቶበር 2023 ስለሆነ እስከ 2030 ይዘልቃል። ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለዋና ዋናዎቹ ስልኮቹ 7 ዓመት ሰጥቷል። ለእናትዎ ግን ይህን ያህል ወጪ አያስፈልግም፤ በ2024 መጨረሻ የወጣው ጋላክሲ ኤ16 ርካሽ ሆኖ የ6 ዓመት ማሻሻያ አለው። ከእሱ በፊት የነበረው ኤ15 የ5 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት አዲስ ኤ16 ካገለገለ ኤስ21 ይሻላል፤ ኤስ21 ካሜራው ቢበልጥም የወጣው በ2021 ነው።

አይፎን ላይ አፕል አስቀድሞ ረጅም ቃል አይገባም፣ በተግባር ግን ይቆያል። በሴፕቴምበር 2015 ለገበያ የቀረበው አይፎን 6ኤስ በሴፕቴምበር 2025 አይኦኤስ 15.8.5 ደርሶታል፤ የተደፈነውም ፎቶ በሚከፍተው ክፍል ላይ የተገኘ፣ ጠላፊዎች በተመረጡ ሰዎች ላይ የተጠቀሙበት ቀዳዳ ነበር። አንድ ሳንቲም አልተከፈለበትም። ይህ ማለት ግን 6ኤስ ይግዙላቸው ማለት አይደለም፤ አሮጌ ሞዴሎች የሚደርሳቸው በጣም የከፋው ቀዳዳ ሲገኝ ነው፣ ሌላው ይታለፋቸዋል።

ከአሜሪካ ለሚላክ ስልክ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የኔትወርክ ቁልፍ ነው፤ አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተው «ካሪየር ሎክ» ሥር «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ካላዩ አይላኩ። ሁለተኛው፣ አሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ብቻ ነው የሚቀበሉት። እናትዎ ባሉበት ኢሲም ማውጣት መቻላቸውን ሳያረጋግጡ ከገዙ በኋላ ይቸገራሉ። ሦስተኛው በአሜሪካ ቴሌኮም ድርጅት ስም የወጣ አንድሮይድ ነው፤ ማሻሻያው በዚያ ድርጅት በኩል ስለሚያልፍ፣ የሌላ አገር ሲም ሲገባበት አፕዴት አልመጣ የሚላቸው ስልኮች አሉ። «አንሎክድ» ተብሎ ከመጀመሪያው ለማንም ድርጅት ያልተሠራውን ይግዙ፤ በኋላ የተከፈተ ስልክ ሶፍትዌሩ ያው የድርጅቱ ነው። የራስዎን ስልክ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ከአይክላውድ ወይም ከጉግል አካውንት ወጥተው ይላኩ፤ አለዚያ እናትዎ የሚደርሳቸው ጌጥ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ምንም አልሆነም፣ አፕዴት ግን ቆመ። ለማሻሻያው በዓመት የተወሰነ ብር እከፍላለሁ፤ ለምን አይሸጡልኝም? አዲስ ስልክ እንድገዛ ነው አይደል? — ከመቀሌ

መልስ፦ ግማሹ እንዳሉት ነው። ግን ሌላም ነገር አለው።

አንድ የአንድሮይድ ቀዳዳ ሲገኝ ጉግል ይደፍነዋል፤ ቀዳዳው የቺፑ ሶፍትዌር ላይ ከሆነ ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ ናቸው የሚደፍኑት። ከዚያ የስልኩ አምራች ይህን ለዚያ ሞዴል አስተካክሎ፣ ፈትሾ፣ በፊርማው አትሞ ይልካል። ቺፕ ሠሪው ለአንድ ቺፕ ድጋፍ ሲያቆም፣ የስልኩ አምራች ገንዘብ ቢከፈለውም የሰውን ዝግ ኮድ ከፍቶ ሊያርም አይችልም። ለኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ውጭ ያሉ ድርጅቶች ሳይቀሩ በዓመታዊ ክፍያ የዊንዶውስ ቀዳዳ ይደፍናሉ። ስልክ ግን ሲነሣ ሲስተሙ ላይ የአምራቹን ፊርማ ይፈትሻል፤ ሌላ ሰው አንድ ፊደል ቢለውጥበት አይነሣም። ሌባን የሚያስቀረው ቁልፍ ሐኪሙንም ያስቀረዋል።

ክፍያው ተሞክሮ ያውቃል። አፕል ለአይፖድ ተች (አይፎን መስሎ ስልክ ለማይደውለው ዕቃ) ባለቤቶች በጃንዋሪ 2008 አዳዲስ መተግበሪያዎችን በ20 ዶላር ገደማ፣ በዚያው ዓመት ቨርዥን 2.0ን፣ በ2009 ደግሞ 3.0ን እያንዳንዱን በ9.95 ዶላር ሸጦላቸዋል። ለአይፎን ባለቤቶች ያው ሶፍትዌር ነፃ ነበር። ምክንያቱ የሒሳብ አያያዝ ነው፦ የአይፎኑ ገቢ በ24 ወር ተከፋፍሎ ስለሚመዘገብ ማሻሻያው የዋጋው አካል ተደርጎ ይቆጠራል፤ የአይፖዱ ግን በተሸጠበት ቀን ተመዝግቦ ያልቅ ነበር። ጉዳቱ የታየው ቀዳዳ መድፈኛውም ከአዳዲሶቹ አገልግሎቶች ጋር በአንድ ጥቅል ውስጥ መሆኑ ነው፤ 9.95 ዶላር ያልከፈለ ቀዳዳውን ይዞ ቀረ። በ2010 አይኦኤስ 4 ነፃ ሆነ።

በቅርቡ ደግሞ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲተው ለግለሰቦች ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደህንነት ማሻሻያ በ30 ዶላር አቅርቧል፤ ሳይከፍሉ የሚያገኙበት መንገድም አለው፣ ለአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ነዋሪዎችም ነፃ አድርጎታል። ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ጥሩ ይመስላል። እኛ ግን ሐሳቡን አንወደውም። በየዓመቱ የሚከፍለው ጥቂት ሰው ነው፤ ያልከፈለው ስልክ ተጠልፎ የሚልከው ሊንክ ደግሞ የከፈለውንም ይደርሰዋል። አንድ ጊዜ ገበያ ከተከፈተለትም አምራቹ ነፃውን ዘመን ለማሳጠር ምክንያት ያገኛል።

የአውሮፓ ኅብረት የሄደበት መንገድ ይሻላል፦ ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ እዚያ የሚቀርቡ ስልኮች፣ ሞዴሉ ከገበያ ከተነሣ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት አምራቹ የሚያወጣቸውን የሲስተም ማሻሻያዎች ያለ ክፍያ ማግኘት አለባቸው። እንግሊዝ ደግሞ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ወዲህ አምራቹ የማሻሻያውን ማብቂያ ጊዜ ይፋ እንዲያደርግ በሕግ አስገድዳለች። አዲስ አበባ ስልክ ስንገዛ ይህንኑ ጊዜ ሻጩን መጠየቅ የሚከለክለን የለም፤ ለራምና ለካሜራ የምንከራከረውን ያህል ለዓመቱ ብንከራከር ሻጩም መልሱን አጥንቶ ይጠብቀን ነበር።

ጥያቄ፦ አንድሮይድ 9 ነው ያለኝ፣ ሌላ መግዛት አልችልም። ባንክ እጠቀምበታለሁ። ምን ላድርግ? — ከደሴ

መልስ፦ ባንኩን ከዚያ ስልክ ያውጡት። ቀሪውን መቆጣጠር ይቻላል።

ክሮም ከቨርዥን 139 ወዲህ አንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው፤ እርስዎ ዘንድ 138 ላይ ቆሟል። ስለዚህ በዚያ አሳሽ የማያውቁት ድረ ገጽ አይክፈቱ። ፋየርፎክስን ከፕሌይ ስቶር ይሞክሩ፣ እስከታደሰልዎ ድረስ በእሱ ይጠቀሙ። መተግበሪያዎች በውስጣቸው ገጽ ሲከፍቱ ግን የሚጠቀሙት የሲስተሙን ዌብቪው ስለሆነ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚመጣ ሊንክ እዚያው ውስጥ አይከፈት።

ፕሌይ ፕሮቴክት (ጎጂ መተግበሪያ የሚፈትሸው የጉግል ጠባቂ) መከፈቱን ፕሌይ ስቶር ውስጥ ያረጋግጡ። «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለውን ፈቃድ ለሁሉም ይዝጉ። ብሉቱዝን ሲጨርሱ ያጥፉ፤ ብሉቱዝ ላይ የተገኙ ቀዳዳዎች ጠላፊው አጠገብዎ መቆሙን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ለገንዘቡ ሁለተኛ ሲም በተን ስልክ ውስጥ ያስገቡና በአጭር ቁጥር ይጠቀሙ፤ ቴሌብር ለምሳሌ በ*127# ይሠራል። ባንክዎ የሚልክልዎ የማረጋገጫ ቁጥርም ወደዚያው ሲም ይምጣ። በተን ስልክ ዘመናዊ አይደለም፣ ግን ኤፒኬ አይጫንበትም።

«ላይኔጅ ኦኤስ ጫንበት» የሚሉዎ ይኖራሉ፤ ከአምራቹ ውጭ በፈቃደኞች የሚሠራ አንድሮይድ ነው። ነፃ ነው፣ ሞዴልዎ ዝርዝሩ ውስጥ ካለም አንድሮይዱን ያድሳል። ግን ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲነሣ የአምራቹን ፊርማ የሚፈትሸው ክፍል) ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የቺፑ የራሱ ሶፍትዌር እንዳረጀ ይቀራል፣ ብዙ የባንክ መተግበሪያዎችም አልከፈት ይላሉ። ለፎቶና ለዩቲዩብ ስልክ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል። ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል? — ከጅማ

መልስ፦ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሡት። ከአፕዴት በኋላ ስልኩ መተግበሪያዎቹን እንደገና ያሰናዳል፣ ፎቶዎቹን እንደገና ይቃኛል፤ ባትሪውን የሚበላው እሱ ነው። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክተው ዋይፋይ እንደበራ ቢተዉት ቶሎ ይጨርሳል። ከሳምንት በኋላም ካልተሻለው ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ገብተው የትኛው መተግበሪያ ላይኛው ላይ እንዳለ ይዩ። ወደ ድሮው መመለስ አይፎን ላይ ከጥቂት ቀን በኋላ አይቻልም፣ አፕል ለአሮጌው ቨርዥን መፈረም ያቆማል።